ሌሊት ባት የሚይዘው ጨው ሲያንስ ነው? ከደላንታ የተነሣ አንድ ጥያቄና 22 ምላሾች

የወሎ ሰዎች ስለ ጤና በሚወያዩበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር (ጥያቄና ተከታታይ ምላሾቹ) ተከፍቶ ነበር። ጠቃሚው ነገር በጭቅጭቁ መካከል ተበታትኖ ስለ ቀረና ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የተባለውን በየተራው በራሴ አገላለጽ ላቀርበው ወድጃለሁ። የማምንበትንም በየመሐሉ እጽፋለሁ፤ በተለይ በ15ኛው ምላሽ የተነሣው ጉዳይ ለወሎ ሰው ተራ አስተያየት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

መነሻ ጽሑፍ

ጠያቂው ደሴ የሚኖር ወጣት ነው። አባቱ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ የደላንታ አርሶ አደር ሲሆኑ፣ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ባታቸውን እየያዛቸው ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። ልጁ ሊጠይቃቸው ሄዶ ባደረበት ሌሊት ያየውን በጥንቃቄ ጽፎታል፤ የባታቸው ሥጋ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቋጥሯል፣ ተረከዛቸው ተስቦ የእግራቸው ጣቶች ቁልቁል ተቀስረዋል፣ እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለቃቸዋል፤ ሕመሙ ግን እስከ ማግስቱ አይጠፋም። ጎረቤቶች ጨው የበዛበት ውኃ እንዲጠጡ መክረዋቸው ጀምረዋል። ወጣቱ ጡንቻ የሚሸማቀቀው ጨው ሲጎድል ነው ብሎ አምኖ፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ ብቻ ነበር የጠየቀው። አባቱ የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ በአንዲት ሐረግ ጠቅሶ አልፏል።

ምላሽ 1 እና 2

መጀመሪያ የመለሱት ከኮምቦልቻ የጻፉ እናት ናቸው። ልጁን ለአባቱ በማሰቡ መርቀውት በጨው ሐሳብ ተስማምተዋል፤ ባደጉበት አካባቢ ቡና በጨው ይጠጣ እንደ ነበርና ሽማግሌዎች በዚያ እንደሚበረቱ አስታውሰዋል። ቀጥሎ አንድ የባቲ ነጋዴ በሰኞ ገበያ ሸክም የሚያራግፉ ወጣቶችን ምሳሌ አድርጎ አቀረበ፤ በቀትር ፀሐይ ላባቸው ተንጠፍጥፎ ጭናቸውን ሲይዛቸው ጨውና ሎሚ የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጣቸዋል፣ ደኅና ሆነውም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የነጋዴው ምስክርነት እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ለባቲ ቀትር የሚሠራው ለደላንታ ሌሊት ይሠራል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ አንድ የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ የማከም፣ ባለሙያ ገባ፤ የክሩን የመጀመሪያ ክፍል የተሸከመው የእሱ ማብራሪያ ነው። የጡንቻ መሸማቀቅ በአብዛኛው የጨው እጦት ሳይሆን የነርቭና የድካም ጉዳይ መሆኑን በአክብሮት ገለጸ። ጡንቻ እንዲኮማተር ትእዛዝ የሚሰጠው ከአከርካሪ የሚነሣ ነርቭ ነው። በጡንቻው ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ነርቩን ተኮማተር እያሉ ይገፋፉታል፤ ጡንቻውን ከአጥንት በሚያያይዘው ጅማት ውስጥ ያሉት ደግሞ በልክ አድርገው እያሉ ልጓሙን ይይዙታል። ጡንቻው ከለመደው በላይ ሲደክም ግፊቱ ይበረታል፣ ልጓሙ ይላላል፤ በተለይ ጡንቻው አጥሮ በተቀመጠበት ሁኔታ ትንሽ እንቅስቃሴ ብቻ ትበቃና ጡንቻው ተቋጥሮ ይቀራል። ሰው ተኝቶ እግሩ ቁልቁል ሲዘረጋ ባቱ የሚገኘው ልክ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ባለሙያው አክሎም በደጋ የሚደረበው ከባድ ባና የእግርን ጣቶች ወደ ታች ተጭኖ ስለሚያሳድር፣ አባት ልብሱን ከእግራቸው በኩል ላላ እንዲያደርጉት መክሯል።

ከሁሉም ያሳመነኝ ያቀረበው ማስረጃ ነው። ምክንያቱ በደም ውስጥ ያለ የጨው ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ የሰውነትን ጡንቻ ሁሉ ሊይዝ በተገባው ነበር፤ የሚይዘው ግን የሠራውን፣ የደከመውን፣ ብዙ ጊዜም አንዱን እግር ብቻ ነው። ደግሞም የተያዘውን ጡንቻ መለጠጥ ምንም ጨው ወደ ሰውነት ሳይገባ ወዲያው ያላቅቃል፤ መለጠጡ ጅማቱን ስለሚወጥረው ልጓሙን መልሶ ያጠብቃልና።

ምላሽ 4

ከሐይቅ ከተማ የጻፉ አንድ መምህር ጨው ፈጽሞ ከነገሩ ውጭ ነው መባሉን አልወደዱትም፤ ተቃውሟቸውም መሠረት ነበረው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሁቨር ግድብ በበረሃ ሲገነባ፣ ብዙ አልቦ ውኃ ብቻ ይጠጣ የነበረ ሠራተኛ ጡንቻውን ይዞት ሲሠቃይ ጨው በመስጠት ይረዳ እንደ ነበር ጠቀሱ። ላብ ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ የወጣው በውኃ ብቻ ሲተካ የቀረው ጨው ይበልጥ ይቀጥናል። ስለዚህ ከባቲ ቁልቁል ወርዶ በቆላ ፀሐይ የሚሠራ ሰው ውኃውን ከምግብ ጋር ቢወስድ፣ ብዙ ካላበውም ለተቅማጥ በሚሰጠው የጨውና የስኳር ብጥብጥ (ኦአርኤስ) ቢተካ ትክክል ነው። ማታ ከብርድ ገብቶ የተኛ የደላንታ ሽማግሌ ግን ያን ያህል ላብ አላወጣም። በመምህሩና በባለሙያው መካከል ተቃርኖ አላይም፤ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው።

ምላሽ 5 እና 6

አንዲት ሴት ትንታኔው በዛባት መሰለኝ፣ ሌሊት በ9 ሰዓት ሰው ሲጮህ ምን ይደረግ ብላ አጠር አድርጋ ጠየቀች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተመልሶ ደረጃ በደረጃ አስረዳት። ባት ሲይዝ ጉልበት ቀጥ ይደረጋል፤ ነጠላ ወይም ሻሽ ከእግር ጣቶች ሥር፣ ውስጥ እግር ሰፋ ከሚልበት ላይ ይጠለፍና ሁለቱ ጫፎች ቀስ ተብለው ወደ ገላ ይሳባሉ። ሥጋው ሲላላ በእጅ ይታወቃል፤ ከላላም በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የተለቀቀ እግር መልሶ ይያዛልና። መቆም የሚችል ሰው ተረከዙን መሬት አስነክቶ ክብደቱን ቢጥልበት ያው ነው። የጭን ኋላ ሲይዝ ጉልበት ይዘረጋል፤ የጭን ፊት ሲይዝ ደግሞ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይታጠፋል። በኃይል መንጨቅ ጡንቻን ሊያስቆርጥ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ማሸትና በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ መያዝ ቋጠሮው ከተፈታ በኋላ ለሚቀረው ሕመም ይጠቅማል። የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቅቤና ወደ ማሸት ነው፤ እግሩን የሚለጥጥ ግን ጥቂት ነው። ከክሩ ሁሉ ሰው በቃሉ ይዞት ቢተኛ የምመኘው ይህን አንቀጽ ነው።

ምላሽ 7

አንድ ምእመን መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቶ ሲመለስ የገጠመውን ተረከ። ዓመቱን በሙሉ በቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ አቀበቱን እንደምንም ወጣው፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን የጭኑ ፊት ተቋጥሮበት ከመንገድ ዳር ቁጭ አለ። ሁለት ገበሬዎች ጉልበቱን አጥፈው እስኪለቀው ያዙለትና ምርኩዝ ሰጥተው ሸኙት። ታሪኩ ምላሽ 3ን ያጸናል፤ ቁልቁለት ጡንቻን እየተለጠጠ እንዲሸከም ስለሚያስገድደው ከአቀበት ይልቅ ያደክመዋል። ወደ ግሸንም ሆነ ወደ ላሊበላ በእግር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሳምንታት በፊት ዳገትና ቁልቁለት መለማመድ አለበት።

ምላሽ 8 እና 9

ከወልድያ የጻፈች የ7 ወር ነፍሰ ጡር በየሌሊቱ እንደሚይዛት ተናገረች። አዋላጅ ነርስ የሆነች ተሳታፊ፣ እኅቴ እያለች፣ ይህ በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ እጅግ የተለመደ መሆኑን ገልጻ ከመኝታ በፊት እንድትለጥጥ መከረቻት። ማግኒዥየም የተባለው ክኒን በነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮ የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ እንደማይስማማ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም እንዳልታየበት አስረዳቻት፤ ስለዚህ ከሐኪም ሳትማከር እንዳትገዛ ነግራታለች። ከዚያም ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አስከተለች፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ሕመሙም በመለጠጥ የማይለቅ ከሆነ ይህ ተራ የጡንቻ መሸማቀቅ አይደለም፤ በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስ ይገባል። ከወሊድ በፊትና በኋላ፣ እንዲሁም ከደሴ አዲስ አበባ እንዳለው ረጅም የመኪና ጉዞ በኋላ ይህን ምልክት ማቃለል አይገባም።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። ከከሚሴ አንድ ሰው ከወባ ሕክምና የተረፈ ኩዊኒን የተባለ መድኃኒት ሌሊት ሌሊት ቢዋጥ ባት እንደማይዝ፣ አጎቱም በዚህ እንደዳኑ ሲጽፍ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ በቁጣ ተነሣበት። ኩዊኒን የጡንቻን መሸማቀቅ በመጠኑ መቀነሱን አልካደም፤ ነገር ግን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የደም ሕዋሳት (ፕሌትሌት) በድንገት አውርዶ ለከባድ መድማት፣ የልብን ምት አዛብቶም ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል ገለጸ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ዓላማ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ በ1994 እ.ኤ.አ. መከልከሉን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያልጸደቁ የኩዊኒን ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ማዘዙን ጠቅሶ፣ ለሰው አባት እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ወንጀል ነው እስከ ማለት ደረሰ። የከሚሴው ሰው ተቀየመ፤ እኔ የመሰከርሁት ያየሁትን ነው፣ ተምረናል የሚሉ ሰዎች ድሀውን መስደብ ይቀናቸዋል ሲል መለሰ። የመድኃኒት ባለሙያው አነጋገር ልክ አልነበረም። በነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ፤ የተረፈ መድኃኒት በየመደርደሪያው በሚገኝበት በቆላው ወሎ ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል።

ምላሽ 13

ነገሩን ያበረደው በጽሑፉ ተማሪ የሚመስል ሰው ነው። ከመኝታ በፊት መለጠጥ በእርግጥ ይከላከላል ወይ የሚለውን አንሥቶ ሁለት የማይስማሙ ጥናቶችን አቀረበ። በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተደረገው ጥቅም አላገኘበትም። በ2012 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው ግን ባትንና የጭንን ኋላ በየማታው ለ6 ሳምንት የለጠጡት ሰዎች ሕመሙ እንደቀለላቸውና የሚይዛቸውም ባነሰ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ለአባቴ ብሆን እንዲለጥጡ አደርጋለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጎዳውም ነገር የለም። ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ቆሞ፣ ተረከዝን ሳያነሡ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ባት እስኪወጠር ድረስ መቆየት፣ ሦስት ጊዜም መደጋገም ይበቃል።

ምላሽ 14

አንድ የእግር ኳስ ወዳድ ወሬውን ወደ ወልድያ ስታዲየም ወስዶ፣ ተጫዋቾች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ክራምፕ ይዟቸው ሲወድቁ የተቃራኒው ቡድን ልጅ እግራቸውን ወደ ላይ የሚገፋላቸው ለምን እንደ ሆነ ገና አሁን ገባኝ አለ። አቼቶ መጎንጨት እንደሚረዳም ሰምቶ ነበር። ይህም መሠረት አለው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ሆን ተብሎ በኤሌክትሪክ የተቋጠረ ጡንቻ፣ ኪያር በኮምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈበትን ውኃ ለጠጡት ሰዎች ተራ ውኃ ከጠጡት ፈጥኖ ለቋል፤ ደማቸው ለመለወጥ ጊዜ ስላልነበረው ምልክቱ የሄደው ከጉሮሮ በነርቭ በኩል ነው ተብሎ ይታመናል። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ባይሞክር ይሻለዋል። ያው ሰው በዚሁ ሳያበቃ በጾም ወቅት ሕመሙ እንደሚብስ አክሎ፣ በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር፣ በዓቢይ ጾምም ከቅዳሴ መልስ ውኃን አከፋፍሎ መጠጣትን መክሯል።

ምላሽ 15

ከዚህ በኋላ ነው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ የገቡት። በ1980ዎቹ መገባደጃ፣ ያኔ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው ወረዳ ሠርተዋል፤ ስለ ባት ይህን ሁሉ ስንናገር አንድም ሰው እኒህ አባት ምን እየበሉ እንደ ሰነበቱ አለመጠየቁ እንዳሳዘናቸው ጻፉ። በዚያ ዘመን ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ድርቅ የሚችለው ጓያ ብቻ ተረፈ፤ ሰውም ለወራት በእሱ ላይ ተደግፎ ኖረ። ከዚያም ብዙ ወጣቶች፣ ይበልጡንም ወንዶች፣ ከከባድ ሥራ ሲመለሱ ባታቸው ይያዝ፣ እግራቸው ይከብድ፣ ጉልበታቸው ይብረከረክ ጀመር። አንዳንዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ፣ አንዳንዱ በአንድ ከዚያም በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ የባሰበትም የሚድህ ሆነ። መንሥኤው ኦዳፕ የሚባል በጓያ ውስጥ ያለ መርዝ ነው፤ ጓያ ለ2 ወይም ለ3 ወር ዋና ምግብ ሲሆን የእግርን እንቅስቃሴ የሚመራውን የነርቭ መንገድ ያበላሻል። ከተበላሸ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። እኒህ እናት ስለ አንድ ወጣት የጻፉትን ማንበብ ይከብዳል፤ እግሩ ሲያዝ ቤተሰቡ ለሳምንታት በቅቤ እያሸው፣ እየበረታ ይሄድ ዘንድ ያንኑ የጓያ ንፍሮ ያበላው ነበር።

ይህን ክር እንድጽፈው ያስነሣኝ ይህ ምላሽ ነው። በሌላ አገር ስለ ጡንቻ መሸማቀቅ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ሯጮችና ስለ አረጋውያን ነው፤ በእኛ ደጋ ግን እህል በጠፋበት ዓመት የሁለት ባት መያዝ የጓያ ሽባነት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጓያውን በዚያች ሰዓት ያቆመ ሰው የባሰው እንዳይመጣበት ዕድል ያገኛል።

ምላሽ 16 እና 17

አንዱ ተሳታፊ ሰው ሽባ የሚሆነው በጓያ እንፋሎትና በጭዱ ንክኪ ነው ተብሎ እንዳደገ ጠቅሶ፣ እናቱ ሲቀቅሉ ልጆቹን ከጓዳ ያስወጡ እንደ ነበር ተረከ። ነርሷ ይህ እምነት በብዙ ቦታ መኖሩን አረጋግጠው፣ ጉዳት የሚያመጣው መብላቱ ብቻ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱ። ጓያን በእሸትነቱ፣ ተቆልቶም ሆነ በንፍሮ መልክ መብላት አደጋውን እንደሚያባብስ፣ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ ግን አደጋው እንደሚቀንስ አብራሩ። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም ቀቅሎ ውኃውን መልሶ መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።

ምላሽ 18 እና 19

አንድ ሰው በጣም ሻከር ባለ ቃል፣ ከተማ የተቀመጡ ሰዎች የገበሬውን የመጨረሻ እህል ማስጠላታቸውን ያቁሙ፣ ረኃብ ከጓያ ይልቅ ብዙ ገድሏል ሲል ጻፈ። ቁጣው ከየት እንደ መጣ ይገባኛል፤ የወሎን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል በንቀት አይመልሰውም። አንድ የግብርና ባለሙያ የሰጠው መልስ የሚመጥን ነበር፤ ጓያ ዝናብ ካቆመ በኋላ በመረሬ መሬት እርጥበት ብቻ የሚበቅል ጠቃሚ ሰብል መሆኑን አምኖ፣ ዋሴ የተባለ መርዙ ዝቅ ያለ ዝርያ መኖሩን ጠቁሞ፣ ዋናው ነገር ጓያ ብቻውን የወራት ቀለብ እንዳይሆን የእህል እርዳታ በጊዜ መድረሱ ነው አለ።

ምላሽ 20

ጠያቂው ወጣት ለሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። ወደ ቤት ደውሎ የነርሷን ጥያቄ አባቱን ጠይቋል፤ ጓያ በቤታቸው የሚገባው ከሽሮ ጋር በጥቂቱ ተቀላቅሎ ነው፣ አባት ቀን ቀን አካሄዳቸው ደኅና ነው፣ ጉልበታቸውም አልከዳቸውም። ይልቅ የደም ግፊት መድኃኒታቸው የተቀየረው በክረምቱ መግቢያ መሆኑንና ከዚያ ወዲህ ሽንት ቶሎ ቶሎ እንደሚያስወጣቸው ሰምቷል። በጨው የተበጠበጠውንም ውኃ አሁንም ይጠጣሉ።

ምላሽ 21

የመድኃኒት ባለሙያው በዚህ ጊዜ በለዘበ ቋንቋ ተመለሰ፤ የከሚሴውንም ሰው ስለ ቀደመው ቃሉ ይቅርታ ጠይቋል። የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች ፖታሲየም የተባለውን ለጡንቻ የሚያስፈልግ ማዕድን ከሽንት ጋር ሊያስወጡና ጡንቻን ሊያስይዙ እንደሚችሉ፣ ጨው መጨመር ደግሞ ግፊቱን ከፍ አድርጎ መድኃኒቱ የሚሠራውን እንደሚያፈርስ ገለጸ። የስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የእንቅርት እጢ ሕመሞችም በዚሁ ምልክት እንደሚገለጹ አስታውሶ፣ ሲራመዱ ብቻ ይዞ ቆም ሲሉ የሚለቅ የባት ሕመም ደግሞ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው መመርመር እንዳለበት ጠቁሟል።

ምላሽ 22

ክሩን የዘጉት ነርሷ ናቸው። ልጄ ብለው ጠርተውት፣ የጨዉን ውኃ ዛሬውኑ እንዲያስቆም፣ የግፊት መድኃኒቱን ግን አባትም ሆኑ እሱ በራሳቸው እንዳያቋርጡ ነገሩት። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በከረጢት አድርጎ አባቱን ወደ ሆስፒታል እንዲወስዳቸው፣ የፖታሲየም፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ እንዲጠይቅ፣ መድኃኒቱ የተቀየረበትንና ባታቸው መያዝ የጀመረበትንም ጊዜ ጎን ለጎን በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ እንዲሰጥ አዘዙት። እስከዚያው አባት ማታ ማታ በግድግዳው እንዲለጥጡ፣ ነጠላም ከራስጌያቸው እንዳይለይ።